ስሙ የጠፋበት አባሪ፦ የፋይል ስም በኢሜይል ሲጓዝ የሚለወጥበት ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ ለታሪክ መምህር የሚገባ አይመስልም። ማስታወቂያውን አይታችሁ «ይህስ የኮምፒውተር ክፍል ሥራ ነው» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው አስብ ነበር። እንደዚያ በማሰቤም በሙያዬ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የሚቆጨኝን ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከስሕተቱ ልጀምር።

በ2002 ዓ.ም. ስለ 1966ቱ የወሎ ረኀብ የቃል ምስክርነት እሰበስብ ነበር። ደሴ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በየገጠሩ እየዞሩ አረጋውያንን ያነጋግሩልኝ፣ የሰሙትንም በኮምፒውተር ጽፈው በኢሜይል ይልኩልኝ ነበር። ጋሼ እያልሁ ነበር የምጠራቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። ጋሼ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። እያንዳንዱን ፋይል በተናጋሪው ስም፣ በአባት ስምና ቃለ ምልልሱ በተደረገበት ቀን ይሰይሙታል። ስሙ በፋይሉ ላይ ስላለ ግን ከሰነዱ ውስጥ አይደግሙትም። ማን ምን እንደ ተናገረ የሚታወቀው እንግዲህ በፋይሉ ስም ብቻ ነበር።

በድምሩ 23 ፋይሎች ላኩልኝ፤ አንዱም በስሙ አልደረሰኝም። አንዳንዶቹ «አባሪ» በሚል የእንግሊዝኛ ቃልና በተራ ቁጥር ተሰይመዋል። አንዳንዶቹ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተሞልተዋል። የቀሩት ደግሞ ከቀኑ ቁጥር በስተቀር የሰረዝ ድርድር ብቻ ሆነዋል። ከፍቼ አየኋቸው፤ ጽሑፉ ደኅና ነው። «ስሙን በኋላ እጠይቃቸዋለሁ» ብዬ አሳደርሁት። ሳልጠይቃቸው ጋሼ ዐረፉ። ማስታወሻ ደብተራቸውን ቤተሰባቸው ቢፈልግም አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ በግምት ሄድሁ። ከምስክርነቶቹ አንዱ በሬዎቹን በማይረባ ዋጋ ሸጦ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ወደ ከተማ ስለ ተሰደደ ሰው ነበር። ጋሼ በስልክ ሲያነሷቸው ከሰማኋቸው አዛውንቶች አንዱ ናቸው ብዬ፣ ምስክርነቱን በእርሳቸው ስም አሳተምሁት። በአማርኛ የአንደኛ መደብ ግሥ ጾታ እንደማይለይ ታውቃላችሁ። «በሬዎቼን ሸጥሁ፤ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ» የሚለውን ወንድም ሴትም ይለዋል። እኔ ግን በሬ የሸጠ ወንድ ነው አልሁ። ተናጋሪዋ ሴት ነበሩ። ይህን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እንዴት እንዳወቅሁት ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ጽሑፉ አንዲት ነጥብ ሳትጐድልበት ሲደርስ፣ ስሙ ብቻውን ለምን መንገድ ላይ ቀረ?

ስም የፋይሉ አካል አይደለም

ብዙዎቻችን የፋይል ስም በፋይሉ ውስጥ ያለ ይመስለናል። አይደለም። በኮምፒውተራችን ላይ ስሙ የሚቀመጠው በማኅደሩ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ በቤተ መጻሕፍት የመጽሐፉ ካርድ ከመጽሐፉ ተለይቶ በመሳቢያ እንደሚቀመጥ ማለት ነው። ፋይሉን በኢሜይል ስንልከው ይዘቱና ስሙ በአንድ መልእክት ውስጥ ቢሄዱም የሚጓዙበት ክፍል ይለያያል። ይዘቱ በመልእክቱ አካል ውስጥ ይታሸጋል። ስሙ ደግሞ ከይዘቱ በላይ ባለች አጭር ራስጌ ላይ፣ በጥቅል ላይ እንደሚታሰር የአድራሻ ወረቀት፣ ይጻፋል። ጥቅሉ ሳይነካ ወረቀቱ ሊቀደድ ይችላል።

ወረቀቱ በየጊዜው የሚቀደደው ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያሻል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ128 ምልክቶች ዓለም

አስኪ የሚባለው የአሜሪካ የፊደላት ኮድ በ1963 ወጣ። በ7 ቢት የሚጻፍ ስለ ሆነ የሚይዘው 128 ምልክቶችን ብቻ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮች፣ ሥርዐተ ነጥቦችና ለማሽኑ የሚሰጡ ትእዛዞች። ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በአውታር የመጀመሪያውን መልእክት ሲልክ ይህ ኮድ የተለመደ ነበር። በነሐሴ 1982 የኢሜይልን ሥርዐት ያጸኑ ሁለት ሰነዶች ወጡ። የጆን ፖስተል አርኤፍሲ 821 የመልእክቱን መጓጓዣ፣ የዴቪድ ክሮከር አርኤፍሲ 822 ደግሞ የመልእክቱን ቅርጽ ደነገጉ። ሁለቱም የቆሙት በአስኪ ላይ ነው።

በዚህ ውስጥ ተንኮል መፈለግ አይገባም። ሥርዐቱን የሠሩት ሰዎች እርስ በርስ በእንግሊዝኛ የሚጻጻፉ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ የሠሩትም ለራሳቸው ነው። ነገር ግን መሠረት ሲጣል የማን ቤት እንደሚቆምበት ይወሰናል። በኋላ የመጣ ሁሉ በዚያ መሠረት ላይ የሚገባው ራሱን እያጠፈ ነው።

በ1992 ትልቅ ለውጥ መጣ። ናታንኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ በእንግሊዝኛ አህጽሮተ ቃሉ ማይም የተባለውን ሥርዐት በአርኤፍሲ 1341 አወጡ። ስሙ በእኛ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰውን ማስታወሱ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ በፋይል ስም ረገድ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ቦረንስታይን በመጋቢት 11 ቀን 1992 እርሱ ራሱ አባል የነበረበትን የአራት ሰዎች የዘፈን ቡድን ፎቶግራፍና ድምፅ በዚህ ሥርዐት አባሪ አድርጎ ላከ። የአሠራሩ ብልሃት ማንኛውንም ይዘት፣ ሥዕልም ይሁን ድምፅ ወይም የትኛውም ቋንቋ፣ ወደ 64 የታመኑ የአስኪ ምልክቶች መልሶ መላክና ተቀባዩ ዘንድ መፍታት ነው። ይዘቱ በዚህ ነጻ ወጣ። ስሙ ግን በራስጌው ላይ እንደ ነበረ ቀረ፤ ራስጌው ደግሞ ያኔ አስኪ ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት ኪት ሙር ለኢሜይል ርእስና ለላኪ ስም መፍትሔ አቀረበ። እንግሊዝኛ ያልሆነውን ቃል በኮድ ጽፎ፣ ከፊቱና ከኋላው የጥያቄና የእኩል ይሆናል ምልክቶችን አድርጎ መላክ ነው። ይህ ሥርዐት በ1996 በአርኤፍሲ 2047 ሲጸና ግን በአባሪ ስም ላይ እንዳይሠራ በግልጽ ተከለከለ። በነሐሴ 1997 የወጣው አርኤፍሲ 2183፣ ይኸውም የአባሪን ስም አጻጻፍ የደነገገው ሰነድ፣ ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ምስክር ነው። ስሙ በአስኪ ብቻ መጻፍ እንዳለበት ይናገራል፤ ሌሎች ፊደላት ቢፈቀዱ እጅግ እንደሚወደድም ያምናል፤ ይሁንና ይህ ከሰነዱ ወሰን ውጭ ነው ብሎ ያልፋል። ችግሩ ታውቋል፤ በዚያ ሰነድ ግን አልተፈታም። በዚያው ወር ሌላ ሰነድ መፍትሔውን አቀረበ፤ ተሻሽሎም በኅዳር 1997 አርኤፍሲ 2231 ሆነ። በዚህ ሥርዐት እያንዳንዱ እንግዳ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ምልክቶች ይጻፋል፤ ስሙ ከረዘመም በቁጥር ተከፋፍሎ በየመስመሩ ይቀመጣል።

ሕጉ ሲወጣ ግን ልማድ ቀድሞት ነበር። ብዙ ፕሮግራሞች ለርእስ የተፈቀደውን አጻጻፍ፣ ክልከላውን ጥሰው፣ ለፋይል ስምም ይጠቀሙበት ነበር። አንዳንዶቹ አዲሱን ሕግ ተቀበሉ፤ አንዳንዶቹ በልማዳቸው ጸኑ፤ አንዳንዶቹም ስሙን ምንም ሳይለውጡ እንዳለ ይሰዱት ጀመር። በአንድ መልእክት ውስጥ ስሙ በሁለት ቦታ፣ አንዱ በይዘቱ ዐይነት መግለጫ፣ ሌላው በአቀማመጡ መግለጫ፣ መጻፉ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። አንዱ ፕሮግራም ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ ያነባል። በዚህ ላይ የላኪው ስም ለተቀባዩ ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ተቀባዩ ፕሮግራም ለደኅንነት ሲል እንዲለውጠው ሰነዱ ራሱ ይፈቅድለታል።

ፊደላችን የት ነበር?

ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ የት ነበርን? በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ኢሜይል የሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በነበረው በፓዲስ በኩል ነበር፤ መልእክቱ ተጠራቅሞ በስልክ መስመር በየጊዜው ይላካል። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በአገሪቱ የተጀመረው በ1997 ነው። መፍትሔው የወጣበትም ዓመት ይኸው ነው።

ፊደላችን በኮምፒውተር ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ መጻፍ ችሏል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ነበረው። የላቲን ፊደላት በተቀመጡበት ቦታ የእኛን ፊደል ቅርጽ ይተክላል፤ ያ ፎንት ባለበት ማሽን አማርኛ ይነበባል፤ በሌለበት ትርጉም የሌለው የላቲን ድርድር ይወጣል። የፋይል ስም ደግሞ የሚታየው ኮምፒውተሩ ራሱ በሚጠቀምበት ፎንት ስለ ሆነ፣ አማርኛ ጽሑፍን በአማርኛ መሰየም ከንቱ ድካም ነበር።

ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዐት ሌላ መንገድ መረጠ፤ ፊደላችንን በአስኪ ምልክቶች መወከል። በዚህ ሥርዐት «ት» በትንሹ፣ «ጥ» በትልቁ የላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ለኢሜይል ጽሑፍ ብልህ መፍትሔ ነበር። በዶስ ዘመን ለፋይል ስም ሲሆን ግን ማሽኑ ስሙን ሁሉ ወደ ትልልቅ ፊደላት ስለሚለውጠው «መጣ» እና «መታ» አንድ ስም ይሆናሉ። በዚያ ላይ ዶስ የሚፈቅደው 8 ምልክት ለስም፣ 3 ምልክት ለቅጥያ ነው፤ ረጅም ስም የመጣው ከዊንዶውስ 95 ጋር ነው። በዚያ ዘመን ያጠናን ሰዎች ሁሉ ሥራችንን በላቲን ፊደል፣ በተቈረጠ ቃል፣ ለራሳችን እንኳ በኋላ በማይገባን ምሥጢር መሰየም ለመድን። ልማዱ ዛሬም አልተወንም።

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቋሚ ቦታ አገኘ። ከዚያ በኋላ «ሀ» በየትም አገር «ሀ» ነው። የጋሼ ፋይሎችም በዩኒኮድ የተሰየሙ ነበሩ። ይሁንና መንገዱ ጠባብ ሆኖ ቀጠለ፤ ጥበቱም በቁጥር ይገለጻል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲፈጅ የእኛው 3 ባይት ይፈጃል። ስሙ በአርኤፍሲ 2231 ሲጻፍ አንዱ ፊደላችን 9 ምልክት ይሆናል፤ ባለ 20 ፊደል ስም 180 ምልክት ማለት ነው። በቀድሞው አጻጻፍ አንድ የኮድ ቃል ከ75 ምልክት እንዳይበልጥ ስለ ተወሰነ በውስጡ የሚገቡት የእኛ ፊደላት 15 ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ያለፈ ስም ይከፈላል፤ በተከፈለበትም ላይ ብዙ ፕሮግራም ይሰናከላል። የፋይል ስምን በ255 ባይት የሚወስነው የሊኑክስ ሥርዐትም ለእንግሊዝኛ 255፣ ለእኛ 85 ፊደል ይሰጣል። ረጅም ስም የሚሰብር መንገድ፣ የእኛን ስም ቀድሞ ይሰብራል።

ሦስት ዐይነት ጉዳት

አሁን ወደ ጋሼ ፋይሎች ልመለስ። ጋሼ መልእክቶቻቸውን ከአንድ ቦታ አይልኩም ነበር፤ አንዳንዱን ከኢንተርኔት ካፌ፣ አንዳንዱን ከልጃቸው ኮምፒውተር፣ አንዳንዱንም ከወዳጅ ቢሮ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ወጣት የኮምፒውተር መምህር ቢሮዬ መጥቶ ሳለ ነገሩን አነሣሁበት። «ዶክተር፣ መልእክቶቹን አጥፍተዋቸዋል?» አለኝ። አላጠፋሁም። «እንግዲያው የመልእክቱን ጥሬ ምንጭ እንይ» አለና፣ ፕሮግራሙ ሳያስውበው በፊት ያለውን መልእክት፣ ከነራስጌው፣ ከፈተልኝ። በዚያ ከሰዓት ስለ ፋይል ስም ሦስት ነገር ተማርሁ።

የመጀመሪያው የተሸፈነ ስም ነው። «አባሪ» ተብለው በተቆጠሩት 14 ፋይሎች ላይ ስሙ በአዲሱ ሕግ መሠረት፣ በመቶኛ ምልክቶች፣ ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ነበር። የእኔ አሮጌ ፕሮግራም ያንን አጻጻፍ ስለማያውቅ ከራሱ ስም አወጣላቸው። ምንም አልጠፋም ነበር፤ እኔ ነበርሁ ያላነበብሁት። የዚያች ሴት ስም የተገኘው ከእነዚህ መካከል ነው።

ሁለተኛው በተሳሳተ ቁልፍ የተነበበ ስም ነው። ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች በተሞሉት 5 ፋይሎች ስሙ ያለ ኮድ እንዳለ ተልኮ፣ የእኔ ፕሮግራም በምዕራብ አውሮፓ ኮድ አንብቦታል። በአማርኛ የምንጠቀምባቸው ፊደላት ሁሉ በዩቲኤፍ-8 የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ስለ ሆነ፣ በዚህ ሁኔታ የተበላሸ ስም ይታወቃል፤ ጭረት ያለባት አንዲት የላቲን ፊደል በየሦስት ምልክቱ ትደጋገማለች። ባይቶቹ ካልተጣሉ ንባቡን መልሶ ማቅናት ይቻላል፤ አምስቱም ተቃኑ።

ሦስተኛው የተደመሰሰ ስም ነው። በቀሩት 4 ፋይሎች ላይ ገና ከላኪው ዘንድ አንድ ፕሮግራም ፊደላችን ወደሌለበት ኮድ ለውጦት፣ በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት አስቀምጧል። የጥያቄ ምልክት በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ስለማይፈቀድ የእኔ ማሽን ደግሞ በሥረ ሰረዝ ተካው። እዚህ ላይ የሚፈታ ነገር የለም። የቀሩት የፊደላቱ ብዛትና ቀኑ ብቻ ናቸው፤ ቁጥር አስኪ ስለ ሆነ አይጠፋም። ከአራቱ አንዱን፣ ጋሼ በዚያ ቀን ደውለው ማንን እንዳነጋገሩ ነግረውኝ ስለ ነበር፣ በቀኑ ለየሁት። ሦስቱ እስከ ዛሬ ባለቤት የላቸውም።

ማስተካከያውን በዚያው ምስክርነቱ በወጣበት መጽሔት አሳተምሁ። ቅጂውንም ለሴትየዋ ልጅ በእጄ ሰጠሁ። እርሳቸው ግን ከዓመት በፊት ዐርፈው ነበር። የተናገሩት ነገር ለሦስት ዓመት በሌላ ሰው ስም ሲነበብ ኖረ፤ በእነዚያ ዓመታትም በሬ ሸጦ ቤተሰብ ማውጣት የወንድ ታሪክ ሆኖ ተጠቅሷል።

ከብራና እስከ ራስጌ

በብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ የሠራችሁ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ስም የተጻፈበት ብራና ብዙ ነው። መጽሐፉ ሙሉ ነው፤ ጸሎቱም አልተጓደለም፤ የጠፋው የማን እንደ ነበር ነው። ጥሩ ተመራማሪ አዲሱን ስም ብቻ አንብቦ አያልፍም፤ ፍቀቱን በብርሃን ይመረምራል፤ ምክንያቱም መፋቅም ዱካ ይተዋል። እኔ ይህን ለዓመታት ለተማሪዎቼ አስተምሬያለሁ። ፍቀቱ በኮምፒውተር ላይ ሲመጣ ግን ፍቀት መሆኑን አላወቅሁም፤ ብልሽት ነው ብዬ አለፍሁት። ብልሽት የባለሙያ ጉዳይ፣ ፍቀት ግን የታሪክ ጉዳይ መሆኑ ነው ያሳሳተኝ።

ስለዚህ የነገዎቹ ተመራማሪዎች ከእኔ ስሕተት የሚከተሉትን ውሰዱ። የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ከፋይሉ ስም ላይ ብቻ ሳይሆን ከሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይም ጻፉ። አባሪ ስትልኩ የአባሪዎቹን ስም ዝርዝር በመልእክቱ አካል ውስጥ አስቀምጡ፤ የመልእክቱ አካል ከ1992 ጀምሮ ቋንቋችንን የመሸከም ዐቅም አለው። ስሙ ተለውጦ የደረሳችሁን ፋይል እንደ ገና ከመሰየማችሁ በፊት ዋናውን መልእክት አታጥፉ፤ ጥሬ ምንጩን ክፈቱ፤ ከሦስቱ ጉዳቶች የትኛው እንደ ደረሰበት ለዩ። የመጀመሪያው ከሆነ ፍቱት፤ ሁለተኛው ከሆነ አቅኑት፤ ሦስተኛው ከሆነ ግን ፈጥናችሁ ላኪውን ጠይቁ። ነገ አትበሉ። ሌላ ምስክር የላችሁም።

«በላቲን ፊደል ብንሰይመውስ አይቀልም?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለዕለት ሥራ ይቀላል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ነገር ግን «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ» በላቲን ሲጻፉ ይጨፈለቃሉ፤ የሰው ስም ደግሞ ባለቤቱ በጻፈበት ፊደል መቀመጥ አለበት። በ2012 የወጣው አርኤፍሲ 6532 ዩቲኤፍ-8 ያለ ኮድ በራስጌ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ መንገዱ እየሰፋ ነው። በመንገዱ ላይ ያሉት አሮጌ ማሽኖች ሁሉ እስኪያልፉ ግን ጥንቃቄው የእኛ ነው።

ሦስቱ ባለቤት ያልተገኘላቸው ምስክርነቶች ከሌሎቹ ጋር ተቀምጠዋል፤ በላያቸውም «ተናጋሪው ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ በጥሬው ምንጭ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጫለሁ። በአንደኛው ላይ አራት የጥያቄ ምልክት፣ ሰረዝ፣ ሦስት የጥያቄ ምልክት፣ ከዚያም ቀኑ አለ። ስማቸው አራት ፊደል፣ የአባታቸው ስም ሦስት ፊደል የሆነ፣ በዚያ ቀን ወሎ ውስጥ ከጋሼ ጋር ተቀምጠው የተናገሩ ሰው ናቸው። ከእናንተ መካከል በዚያ አካባቢ የሚሠራ ቢኖር፣ ቢሮዬ ክፍት ነው።